የሱነማዊቷ ትንሽ ክፍል

ከዓፉላ በስተ ምሥራቅ፣ በሞሬ ኮረብታ ግርጌ፣ ሱላም የምትባል መንደር አለች። የቅዱስ መጽሐፏ ሱነም እርሷ እንደ ሆነች ይታመናል። ብዙዎቻችን ወደ ደብረ ታቦር ስንገሠግሥ ሳናስተውላት እናልፋለን።

በዚያ አንዲት ባለጸጋ ሴት ነበረች (2ኛ ነገሥት 4፥8-37)። ነቢዩ ኤልሳዕ በዚያ ባለፈ ቁጥር ታበላው ነበር። ኋላም ለባሏ ነግራ በሰገነት ላይ ትንሽ ክፍል አዘጋጀችለት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝም አኖረችለት።

ባለጸጋ ሳለች ስለ ምን ታላቅ አዳራሽ አልሠራችም? መንገደኛው የሚሻውን አስተውላ ነበርና። ለደከመ አልጋ፣ ሌሊት ለሚጸልይ መብራት ይበቃዋል። እንግዲህ ከገንዘቧ አስቀድማ የሰጠችው ማስተዋሏን ነው። ነቢዩ ምን ላድርግልሽ ብሎ ባስጠየቃት ጊዜም በወገኖቿ መካከል መኖሯን ብቻ ተናገረች፤ አገልግሎቷን በዋጋ አልለወጠችም።

እኛ ለዚህ ጉዞ ዓመታት ቆጥበናል፤ መልካም አድርገናል። ሱነማዊቷ ግን ይህን ሁሉ ያደረገችው ከደጇ ሳትርቅ ነው። ስለዚህ ወደ ቤታችን ስንመለስ እንጠይቅ፤ በደጃችን ዘወትር የሚያልፈው ማን ነው? ጧሪ ያጣች ጎረቤት፣ ደብተር የቸገረው ተማሪ፣ በሰው አገር ቋንቋ የከበደው ስደተኛ ይሆናል። ገንዘብ ያጠረው ጊዜ አለው፤ ጊዜ ያጠረው ሙያ አለው። ሐኪሙ በሽተኛውን ይጠይቅ፤ የተማረው ለአረጋዊው ደብዳቤ ያንብብ፤ ባለ ሁለት ክፍሉ አንዱን ለእንግዳ ይክፈት። በደጁ የሚያልፈውን ያላስተዋለ ተሳላሚ ሱነምን ቢያይም ሱነማዊቷን አላወቃትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።