ጥረትና ግፊት፦ ከክላርኔት የሚገኝ ትምህርት

ሰው ገና ወዳልደረሰበት ከፍታ ለመውጣት ሲነሣ ራሱን ምን ያህል ሊያስገድድ ይገባዋል? በዐደራ የተሰጠውን ልጅስ እስከ የት ድረስ ሊገፋው ይፈቀድለታል? ይህ ጥያቄ ወላጅንም፣ መምህርንም፣ ትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪንም የሚመለከት ነው። መልሱን በረቂቅ ቃላት ብቻ ከምንፈልግ፣ በክላርኔት እጅግ ከፍ ያሉ ድምፆችን ማውጣት የሚማር ሰው ምን እንደሚያጋጥመው እንመልከት።

ክላርኔት ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ያገኟቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ አርመናውያን ወደ አዲስ አበባ መጥተው የሙዚቃ ጓድ ከሆኑ ወዲህ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎች በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች እየተስፋፉ ሄዱ። በ2008 ዓ.ም. ያረፈው ጌታቸው መኩሪያም በልጅነቱ የጀመረው በክራርና በመሰንቆ ነበር። በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሳክስፎንና ክላርኔት ተጫወተ፤ በኋላም የአርበኞችን ሽለላ በሳክስፎን በማሰማት ስሙን አስጠራ። ዛሬም በአዲስ አበባ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክላርኔት ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ነው።

ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ትንፋሹን ጠንከር ሲያደርግ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ከፍ እንደሚል ያውቃል። የክላርኔት ጠባይ ግን ከዚህ ይለያል። በግራ እጅ አውራ ጣት የሚሠራው ቁልፍ ሲከፈት ድምፁ ኦክታቩን ዘልሎ ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ያርፋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ አለ፤ የተማሪው እውነተኛ ፈተና የሚጀምረው እዚያ ነው።

የጀማሪ የመጀመሪያ ሐሳቡ መንከስ ነው። ድምፁ ከፍ እንዲልለት ጥርሱን ያጠብቃል፣ ከንፈሩን ይጫናል፣ ትከሻውን ወደ ላይ ይሰቅላል። ነገር ግን ሪድ የሚባለው፣ ከሸምበቆ የተፋቀው ስስ ልሳን፣ ድምፅ የሚሰጠው ሲርገበገብ ነው። በኀይል ሲጫኑት የአየሩ መግቢያ ይጠባል፤ የሚሰማው ወይ ዝምታ ነው፣ ወይ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። ተማሪውም ገና አልበረታሁም ብሎ አብዝቶ ይነክሳል። በዚህም ከከፍታው ይልቅ ይርቃል፤ ከንፈሩም ይቈስላል።

ለዚህ መምህራን የሚያሠሩት አንድ ልምምድ አለ። ተማሪው ከታችኛው ክፍል «ላ» የተባለውን ድምፅ ረጋ ብሎ ይይዛል። አፉን ሳይለውጥ በአውራ ጣቱ ቁልፉን ሲከፍት ድምፁ ወደ «ሚ» ይወጣል። ቀጥሎ የግራ እጁን ሌባ ጣት ሲያነሣ ደግሞ ወደ ላይኛው «ዶ ዲየዝ» ይደርሳል። ሦስቱ ድምፆች ከአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። ከፍተኛው ድምፅ አስቀድሞ በዝቅተኛው ውስጥ ተሰውሮ ነበርና፣ ታችኛውን በሙላትና በጸጥታ መያዝ ያልቻለ ላይኛውን ሊያገኘው አይችልም።

«ታዲያ ያለ ግፊት ማን ወደ ቁም ነገር ደረሰ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ትዕግሥት ማለት ስንፍና አይደለምና። አንዱን ዝቅተኛ ድምፅ በየቀኑ ረጅም አድርጎ መያዝ፣ ሰሚ በሌለበት ለወራት ያንኑ መደጋገም፣ ከመንከስ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ጥረትና ግፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥረት ነገሩ እንዲሆን የሚያስፈልገውን ሁሉ ያዘጋጃል፤ ግፊት ግን ያልተዘጋጀውን ዛሬውኑ አምጣ ይላል። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው።

የጌዴኦ ገበሬ ይህን ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። ቡናውን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከእንሰቱ ጋር ያሳድጋል፤ እንሰቱም እስኪደርስ ዓመታት ይጠብቃል። ቡናው ሲደርስም ቀይ ቀዩን እየመረጠ ይለቅማል። በችኮላ አረንጓዴውንም ቀዩንም አንድ ላይ የሚመለምል ለቃሚ ቅርጫቱን ቶሎ ይሞላል፤ ግን የጥሩውን ቡና ጣዕም ያበላሻል። በ2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ዓለም ካከበራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ አያያዝ ነው።

ከፍታ ብቻውን ክብር እንዳልሆነም እናስተውል። ሞዛርት በሞተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1791፣ ለክላርኔት የደረሰውን ታላቅ ድርሰት ያዘጋጀው ለወዳጁ ለአንቶን ሽታድለር ነበር፤ ሽታድለርም በተለይ የመሣሪያውን ዝቅተኛ ድምፆች የሚወድድ ሰው ነበር። ከፍተኛ ድምፅ ዋጋ የሚኖረው ዜማው ሲጠራው ነው። ሰዎች እንዲደነቁ ብቻ የወጣ ድምፅ ግን ዜማውን ያቋርጣል።

እንግዲህ በዲላም ሆነ በይርጋ ጨፌ በየሰንበቱ ልጆችን የምታስተምሩ ወገኖች ሆይ፤ መልሱን ሳያውቅ የተጨነቀ ልጅ በፊታችሁ ሲቆም ይህን አስቡ። ቁጣ ከልጁ አፍ ቃል ያወጣ ይሆናል፤ ቃሉ ግን የተነከሰ ሪድ ጩኸት ነው፤ ማስተዋል የለበትም። ባልንጀሮቹ የሳቁበት ልጅ በሚቀጥለው ሰንበት ላይመለስ ይችላል፤ በውስጡ የነበረውንም ድምፅ ማንም ሳይሰማው ይቀራል። ስለዚህ ልጁ የሚያውቀውን ትንሽ ነገር ረጋ ብሎ እንዲናገር ጊዜ ስጡት፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚወጣው ከዚያው ነውና። እኛም በራሳችን ሕይወት ጥርሳችንን ነክሰን የያዝነው ነገር ካለ፣ የጎደለው ኀይል ይሁን ወይስ እስትንፋስ፣ ቆም ብለን እንመርምር።