ጠብታው ከየት ነው?

ሰው ማናቸውንም ነገር ሲመረምር በቅድሚያ ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም። ምክንያት ዘወትር ከበስተጀርባ ይቆማል። ጥፋትን አይቶ ጥፋተኛን መሰየም ዳኞችን፣ ፈላስፎችንና ጸሐፌ ተውኔቶችን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረውም በዚሁ ሳቢያ ነው። ጥያቄው ረቂቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ አፍረጥርጦ የሚያሳየው አንድ ተራ ሥራ አለ፤ እርሱም ዘይት ከሚያንጠባጥብ ያረጀ የናፍታ ፒክአፕ ሥር በጀርባ ተኝቶ የጠብታውን ምንጭ መፈለግ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ አራዳና ፒያሳ ተስማሚ ሥፍራ ናቸው። የአዲስ አበባ ጥንታዊ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው እዚህ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን መሠረተ፤ ወራሪው ተባርሮ ሲሄድ ግን ከቋንቋው ጥቂት ቃላት ቀሩ። ሠፈሩ «ፒያሳ» እንደ ተባለ ሁሉ የመካኒኩም አፍ የጣሊያንኛን ቃል ወርሶ የራሱ አድርጎታል። የሞተሩ ራስ «ቴስታታ»፣ ከሥሩ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ «ኮፓ»፣ በሁለት ብረት መካከል ገብቶ ፈሳሽ የሚያግደው ልባስ «ጓርኒሲዮን»፣ የማርሹ ቤት «ካምቢዮ» ይባላል። ከሠፈሩ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፈርሰዋል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ግን ዛሬም አለ፤ ጭነቱን ይዞ የሚወርደው አሮጌ ፒክአፕም እንደዚሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሐቅ ይህ ነው፦ ጠብታ የሚንጠለጠለው ከሾለከበት ቦታ ሳይሆን ከሁሉ ዝቅ ካለው ቦታ ነው። ዘይት ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን ሾልኮ በሞተሩ ጎን ይወርዳል፤ የማራገቢያው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በብሎን ራስና በብረት ጠርዝ ላይ ተንሸራትቶ በመጨረሻ ከኮፓው ሥር ይንጠለጠላል። አጎንብሶ ያየ መንገደኛ «ኮፓው ተቀዷል» ብሎ ይፈርዳል። ኮፓው ግን ያጠፋው ነገር የለም፤ ያስከሰሰው ዝቅ ብሎ መገኘቱ ነው።

ዐዋቂ መካኒክ በዚህ ምክንያት ሥራውን በመፍቻ አይጀምርም፤ በጨርቅ ይጀምራል። ረዳቱ ከመኪናው ሥር ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ኮፓው ነው» ቢለው፣ «መጀመሪያ እጠበው፤ ከዚያ ትነግረኛለህ» ይለዋል። የዓመታት አቧራና ቅባት የተጋገረበት ሞተር በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። የሕፃናት ፓውደር ይነሰነስበታል፤ ከሥሩ ካርቶን ይነጠፋል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ይጠበቃል። በነጩ ዱቄት ላይ ጥቁር መስመር ሲታይ ከጠብታው ተነሥቶ መስመሩን ወደ ላይ መከተል ነው፤ ምንጩ የሚገኘው ከፍ ባለው የመጨረሻ እርጥብ ነጥብ ዘንድ ነው። ማጠብ፣ መጠበቅ፣ ወደ ላይ መከተል፤ ሦስቱም የእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆኑ የፍርድ ሥነ ምግባር ናቸው። አሮጌውን ቅባት ሳያጥብ ምንጭ አገኘሁ የሚል መካኒክ፣ የቆየ ሐሜትን ሳያጠራ ፍርድ ከሚሰጥ ዳኛ በምን ይለያል?

በኑሯችን ውስጥ የምናየው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ደብዳቤ ዘግይቶ ሲደርስ ተላላኪው ይጠየቃል፤ ደብዳቤው ስንት ሳምንት ሳይፈረም ከጠረጴዛ ላይ እንደ ተኛ ግን የሚጠይቅ የለም። ተማሪው ማንበብ ሲያቅተው የአንደኛ ክፍል መምህሩ ይወቀሳል፤ በአንድ ክፍል ስንት ሕፃናት እንደ ታጨቁ አይነሣም። ተውኔት ሲወድቅ የመብራት ሠራተኛው ይገሠጻል። አባቶቻችን ይህን ጠባይ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው ሰይመውታል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውም ብሂል በትክክል ሊተረጎም ይገባዋል፤ የነገር ሥር እንደ ዛፍ ሥር ሁልጊዜ ከታች አይገኝምና። ይህ ማለት ግን ከላይ ያለ ሁሉ ጥፋተኛ፣ ከታች ያለ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የኮረኮንች መንገድ ድንጋይ መትቶት በእውነትም የተቀደደ ኮፓ አለ። ከታጠበ በኋላ ከላይ ያለው ደረቅ ሆኖ ኮፓው ብቻ ቢረጥብ ፍርዱ በኮፓው ላይ ይሁን። ፍትሕ የሚጠይቀው አስቀድሞ የታሰበውን ማጽደቅ ሳይሆን መስመሩን መከተል ነው።

ፈሳሾቹም ራሳቸው ምስክሮች ናቸው፤ የእያንዳንዳቸው ቃል ለየብቻ መደመጥ አለበት። የናፍታ ሞተር ዘይት በጥላሸት ምክንያት ቶሎ ይጠቁራል። ናፍታው ራሱ ቀጭን ነው፤ ሽታው ግን ከሩቅ ይታወቃል። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ሆኖ ድኝ ድኝ ይሸታል። የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነው፤ ሽታው ይጣፍጣል፣ ሲጠጣ ግን መርዝ ነው። የፍሬን ዘይት የነጣ ቢጫ ነው፤ የነካውን ቀለም ይልጣል። ሁሉንም «ዘይት ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ምስክር ሳይሰማ መዝገብ እንደ ዘጋ ይቆጠራል። ከዚህም በላይ ምንም ጠብታ የማይተው ቀዳዳ አለ። ከነዳጅ ታንከሩ ናፍታ የሚስበው ቱቦ ሲላላ ወደ ውጭ ናፍታ ከማፍሰስ ይልቅ ወደ ውስጥ አየር ሊስብ ይችላል፤ መሬቱ ደረቅ ሆኖ ሳለ መኪናው ጠዋት አልነሣም ይላል። ስለዚህ ጠብታ አለመታየቱ ብቻውን የጤንነት ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አእምሮን ሊይዝ የሚገባው የመተንፈሻው ነገር ነው። በማንኛውም ሞተር፣ በተለይም ባረጀ ሞተር፣ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑ ቀለበቶች በኩል ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባል። ይህ ጋዝ እንዲወጣ ሠሪው አንድ መተንፈሻ ቱቦ አበጅቶለታል። ቱቦው በዝቃጭ ሲደፈን ግፊቱ በሆዱ ውስጥ ይጠራቀምና ዘይቱን በደካማው ጓርኒሲዮን በኩል ገፍቶ ያወጣል። ጓርኒሲዮኑ ይለወጣል፤ በሳምንቱ ዘይቱ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። እርሱም ይለወጣል፤ በሦስተኛው በኩል ይወጣል። ባለቤቱ ዕቃውን ይረግማል፣ መካኒኩን ሌባ ይላል። ጥፋቱ ግን ከሦስቱም ጓርኒሲዮኖች ዘንድ አልነበረም፤ እነርሱ ከታፈነ ቤት በር ላይ የቆሙ ደካማ ዘበኞች ነበሩ። በስብሰባ የማይነገር ቅሬታ በመተላለፊያው ሐሜት ሆኖ ይወጣል፤ ሐሜተኛው ቢቀጣ ሌላ ሐሜተኛ ይተካል። ሰው እየለወጡ ሁኔታውን እንዳለ መተው ጓርኒሲዮን እየለወጡ መተንፈሻውን እንደ መርሳት ነው።

የውሃ ፓምፑ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይዟል። ከፓምፑ አካል ሥር ሠሪው ሆን ብሎ የተዋት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። በውስጡ ያለው ማኅተም መበላት ሲጀምር ውሃው ኩሽኔታውን ከማበላሸቱ በፊት በዚህች ቀዳዳ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል። ቀዳዳዋ ጉድለት ሳትሆን ተናጋሪ ናት። ያላወቀ ሰው በማስቲሽ ይደፍናታል፤ ጠብታው ይቆማል፤ መሬቱም ይደርቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ፓምፑ ይነክሳል፤ ሞተሩም ከመንገድ ላይ ይፈላል። የምንኖርበትን ጉድለት በግልጽ የሚናገር መምህር፣ ደራሲ ወይም ሠዓሊ በማኅበረሰቡ ውስጥ የዚህችን ቀዳዳ ሥራ ይሠራል። የሚያሳየው ነገር ደስ አያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚያሳየው እርሱ ያመጣውን ጥፋት አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። በዕለት ገቢው የሚተዳደር ሹፌር መኪናውን አቁሞ ምንጭ ሲፈልግ የሚውልበት ቀን ከየት ያገኛል? ዘይት ጨምሮ መንዳት ይቀለዋል። መቃወሚያው ክብደት አለው። ያረጀ ሞተር እንዳረጀ ሰው ያልበዋል፤ ወዙ ሁሉ ሕመም አይደለም። የዘይቱን ልክ በመለኪያ ዘንጉ እያየ፣ በስንት ቀን ስንት እንደ ጎደለ እየመዘገበ የሚጨምር ሰው ጥፋቱን ዐውቆ ቀጠሮ ሰጥቶታል፤ ይህ ብልኅነት ነው። በደል የሚሆነው ልኩን ላለማየት ሲባል የሚጨመር ዘይት ነው። የማይቀጠር ጥፋትም አለ። ፍሬን ዘይቱን የሚያፈስ መኪና በቸርችል ጎዳና ሲወርድ የሚከፍለው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ከታች መንገድ የምታቋርጠውም ሴት ናት። እርስዋ ስለ ጠብታው የምታውቀው ነገር የለም። የሌላውን ሕይወት አስይዞ መቆጠብ ቁጠባ ሊባል አይችልም።

ለመሆኑ ምርመራውን የሚያስፈራው ምንድን ነው? ድካሙ ብቻ አይመስለኝም። የግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክልስ ከ2400 ዓመታት በፊት ባቀረበው ተውኔት፣ ንጉሥ ኤዲፐስ በከተማው ላይ የወረደውን መቅሠፍት ምክንያት አጥብቆ ይመረምራል፤ ፍለጋው ደረጃ በደረጃ እየመራ ከራሱ ዘንድ ያደርሰዋል። ጠብታውንም ተከትሎ የሚወጣ ሰው ከጓርኒሲዮኑ ወደ ተደፈነው መተንፈሻ፣ ከመተንፈሻው ወደ ዝቃጩ፣ ከዝቃጩ በጊዜው ወዳልተለወጠው ዘይት፣ ከዘይቱም «ግድ የለም፣ ይቆይ» ብሎ ወዳዘዘው ሰው ሊደርስ ይችላል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ መርማሪውን የቀጠረው ባለቤት ራሱ ነው። ኮፓውን የምንከስሰው ምንጩን ስላላወቅን ብቻ ሳይሆን መስመሩ ወዴት እንደሚያመራ ስለምንጠረጥርም ነው። ስለዚህ ምክንያትን መፈለግ ከዕውቀት አስቀድሞ ድፍረትን ይጠይቃል። ያም ድፍረት በዝቅተኛው ላይ ከመፍረድ በፊት እጅን ወደ ጨርቁ መዘርጋት ነው።