መርከቡ ወደቡን ከመልቀቁ በፊት



በዐረብ አገር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ከምትኖሩ ወጣቶች፣ በተለይም ከአዲስ ሙሽሮች፣ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ኡስታዝ፣ ክሩዝ የሚሉትን የመርከብ ሽርሽር ቡክ ልናደርግ ነው። ምኑን እናስቀድም?»

መዝናናት በራሱ ነውር አይደለም። ባሕሩን የገራልን፣ መርከቡንም በፈቃዱ የሚያስኬደው አላህ መሆኑን ቁርኣን ደጋግሞ ያስታውሰናል። ጥያቄው ደግሞ «ይፈቀዳል ወይ?» ከሚለው አንድ እርምጃ ያልፋል። የተፈቀዱ ነገሮች ብዙ ሆነው ገንዘባችንና ጊዜያችን ጥቂት ሲሆን የቱ ይቅደም? አገር ቤት ሆናችሁ ባሕር አይታችሁ የማታውቁም ይህ ጥያቄ በሠርጋችሁም፣ በሥራችሁም ያገኛችኋል።

እስቲ መጀመሪያ ሻጩ የሚያስቀድመውን እዩ። ድረ ገጹን ስትከፍቱ በረንዳ ያለው ክፍል፣ የመዋኛ ገንዳው፣ በምግብ የተሞላው ጠረጴዛ ይታያችኋል። ዋጋው በትልቁ ተጽፏል። ያ ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ዋጋ ነው፤ እሱም ሁለት ሰው ሲጋራው የአንዱ ሰው ድርሻ ብቻ። የሠራተኞች ቲፕ፣ ኢንተርኔት፣ በየወደቡ ወርዶ መጎብኘት ብዙ ጊዜ ሌላ ሒሳብ ነው። በትልቁ የተጻፈ ሁሉ ትልቅ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ መርከቡ ራሱ የሚያስቀድመውን እዩ። ተሳፋሪው ሁሉ አደጋ ቢመጣ የት እንደሚሰበሰብና የነፍስ አድን ጃኬቱን እንዴት እንደሚለብስ ይማራል። ድሮ ሕጉ ይህን ልምምድ በ24 ሰዓት ውስጥ ማድረግን ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው መርከብ በጣሊያኗ ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተላትሞ 32 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ቀን የተሳፈሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለውጦ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት፣ ካልሆነም ወዲያው እንደተነሳ እንዲሆን ተደነገገ። እራቱ ይቆያል፤ ይህ ግን አይቆይም።

መለኪያውን ከዚህ እንውሰድ። ሊቀድም የሚገባው መርከቡ ከለቀቀ በኋላ ልታስተካክሉት የማትችሉት ነገር ነው። ክፍሉ ቢጠብባችሁ ውጭ ትውላላችሁ። ምግቡ ባይጥማችሁ ነገ ሌላ ታዛላችሁ። ወቅቱ ያለፈ ሶላት ግን ያ ወቅት አይመለስለትም። በወለድ የተፈረመ ብድር ባሕር መሐል አይቀደድም። ሐቁን የበላችሁበት ሰውም እናንተ ስትዝናኑ ዱዓ ያደርግባችኋል፤ በተበዳይ ዱዓና በአላህ መካከል ደግሞ ግርዶ የለም።

ዑለማዎቻችን ይህን በሥርዓት አስቀምጠውታል። በ790 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት የአንደሉሱ ኢማም አሽ-ሻጢቢይ የሸሪዓን ዓላማዎች በሦስት ደረጃ ያብራራሉ። ዶሩሪያት የሚባሉት ያለ እነርሱ ዲንም ዱንያም የሚፈርስባቸው ናቸው። ሓጂያት ያለ እነርሱ ሕይወት የሚጠብባቸውና የሚከብድባቸው ናቸው። ተሕሲኒያት ደግሞ ሕይወትን የሚያስውቡ ናቸው። ውበት የተጠላ አይደለም፤ መሠረቱን አፍርሶ የሚመጣ ውበት ግን ለማን ይጠቅማል?

ይህን በትኬታችሁ ላይ አውሉት። መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት መጣ? የምትበሉት ሐላል ነው? ሶላታችሁስ? ጁሙዓ በሙሳፊር ላይ ግዴታ አይደለም፤ ማሳጠርና ማጣመርም ገር ተደርጎለታል። አምስቱ ሶላት ግን ባሕር ላይም አይቀሩም። የቻለ ቆሞ ይሰግዳል፤ መርከቡ ሲዞርም በተቻለው መጠን ወደ ቂብላ ይዞራል። ቀጥሎ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች ቪዛ አንድ በአንድ አረጋግጡ፤ አንዴ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ወጥቶ መመለስ አይቻልም። እህቴ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ብዙዎቹ ድርጅቶች 24ኛ ሳምንት የደረሰችን እናት አያሳፍሩም። በረንዳውና የባሕሩ እይታ በሦስተኛ ደረጃ ይምጣ። ብዙዎቻችን ግን ከበረንዳው ጀምረን፣ ከፍለን ከጨረስን በኋላ ስለ ሶላቱ እንጠይቃለን።

ኢማም አል-ገዛሊይ በኢሕያእ ኪታባቸው ስለ ሰፈር አደብ ሲጽፉ የጀመሩት ከግመሉም ከስንቁም አይደለም። የተበደለን ሐቅ መመለስ፣ ዕዳን መክፈል፣ ቀለባቸው በእናንተ ላይ ለሆነ ሰዎች ማሰናዳት፣ አማናን ለባለቤቱ ማድረስ፤ ከዚያ ነው ወደ ሌላው የሄዱት።

እዚህ ላይ የብዙዎቻችሁ ልብ እንደሚጨነቅ አውቃለሁ። «ኡስታዝ፣ አገር ቤት ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው አለ። እናቴ አለች፤ የወንድሜ ትምህርት አለ፤ የአጎቴ ቤት ኪራይ አለ። እንዲህ ከሆነ መቼም አላርፍም ማለት ነው?» አይደለም። ሰልማን ለአቡ ደርዳእ ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው፤ ለሁሉም ሐቁን ስጥ ብሎ ሲመክረው፣ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ሰልማን እውነቱን ነው ብለዋል። ዓመቱን ሙሉ በሁለት ፈረቃ ስትሠራ የከረመች ሚስትህ ከአንተ ጋር አምስት ቀን ማረፏ ሐቋ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለዩ። የእናት መድኃኒት ግዴታ ነው፤ ከትኬቱ ይቀድማል፤ ክርክር የለውም። የአጎት ልጅ አዲስ ስልክ ግን ግዴታ አይደለም። ከቻላችሁ ሰደቃና ዝምድና መቀጠል ነው፤ ካልቻላችሁ «አሁን አልችልም» ማለት ኃጢአት አይደለም። ሁሉንም እኩል የሚያይ ሰው አንድም ማረፍ ያቅተዋል፣ አንድም ተማርሮ እናቱንም ጭምር ይተዋል።

በ2024 መጨረሻ ከጂዳ ወደብ እየተነሳ በቀይ ባሕር ላይ መጓዝ የጀመረ፣ አልኮል የማይቀርብበት አሮያ የተባለ መርከብ አለ። ይህ ነገሩን ያገራል፤ አልሐምዱሊላህ። ይሁን እንጂ የመርከቡ ሐላልነት የእናንተን ዕዳ አይከፍልም፤ ፈጅር ላይም አይቀሰቅሳችሁም።

ከጂዳ በስተደቡብ፣ በዚያው ባሕር ዳር ሹዐይባ የሚባል ወደብ ነበር። በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች እዚያ ደረሱ። የታሪክ ጸሐፊዎች ዐሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች እንደነበሩ ይዘግባሉ፤ ዑስማንና ባለቤቱ ሩቀያ ከእነርሱ ጋር ነበሩ። ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። ቁረይሾች ተከታትለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደዋል። እነዚያ ሰዎች የመርከቡን ምቾት ለመምረጥ ጊዜ አልነበራቸውም። ለምን እንደሚሄዱና ማን ዘንድ እንደሚሄዱ ግን ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አገር፣ ዲናቸውን ይዘው።

የእናንተ ጉዞ ሂጅራ አይደለም፤ ሽርሽር ነው፤ ይሁን። ዛሬ ከዐስር በኋላ ግን፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት፣ ከትዳር አጋራችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ መርከቡ ከሄደ በኋላ ልናስተካክለው የማንችለው ምንድን ነው? እሱን ጨርሱና የቀረውን እንደ አቅማችሁ ምረጡ። በረንዳውም ከተረፈ ይሁንላችሁ።

አላህ ጉዟችሁን የኸይር፣ መመለሻችሁን የሰላም ያድርገው። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።