ሰው ለብቻው ይታረማል?

እ.ኤ.አ. በ1829 በፊላደልፊያ ከተማ የተከፈተው ኢስተርን ስቴት ወህኒ ቤት በጭካኔ ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ሐሳቡን ያፈለቁት፣ በተለይም ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች፣ ግርፋትንና በአደባባይ ማዋረድን የሚጸየፉ ሰዎች ነበሩ። በደለኛ ከክፉ ባልንጀራ ተለይቶ ከራሱና ከፈጣሪው ጋር ብቻ ቢቀር ልቡ ይሰበራል፣ ይጸጸታል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እስረኛ የየራሱ ክፍል ተሠራለት። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው በተከፈተች ጠባብ ቀዳዳ ነበር፤ የሚያነበው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ከክፍሉ ሲወጣ ማንንም እንዳያይ፣ ማንም እንዳያውቀው ፊቱ ይሸፈናል። የመጀመሪያው እስረኛ ቻርልስ ዊልያምስ በስርቆት ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ወደዚህ ዝምታ ገባ።

በ1842 እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ቦታውን ጎብኝቶ በጉዞ መጽሐፉ ክፉኛ አወገዘው። የአሳቢዎቹን ቅንነት አልካደም፤ ነገር ግን አእምሮን ቀስ በቀስ የሚያሠቃይ ቅጣት ሥጋን ከሚያሠቃየው እንደሚከፋ ጻፈ። ለብቻ የማሰሩ ሥርዓት በ1913 በይፋ ቀረ፤ ወህኒ ቤቱም በ1971 ተዘጋ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊ አንባቢ ይህ አሳብ ከመነሻው ይጎረብጠዋል። ብሕትውናን ያውቃል፤ በዋሻ የዘጉ አባቶችን ያከብራል። ባሕታዊ ግን የሚዘጋው በፈቃዱ ነው። ንስሐም በዝምታ አያልቅም። በንስሐ አባት ፊት ቀርቦ መናገርን፣ የሚሰማ ጆሮን፣ ቀኖና የሚሰጥና «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚል አንደበትን ይጠይቃል። የኢስተርን ስቴት እስረኛ የሚጸጸትበት ጊዜ ተትረፍርፎለታል፤ ያጣው ሰሚ ነው።

ይህን ጉድለት የሚነካ ሙከራ የተጀመረው እዚያችው ከተማ፣ በቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። መምህርት ሎሪ ፖምፓ ተማሪዎቻቸውን ይዘው እስር ቤት ይጎበኙ ነበር። በ1995 ዳላስ በሚባለው የፔንሲልቬንያ ማረሚያ ቤት ተማሪዎቹ ከዕድሜ ልክ ፍርደኞች ጋር ተወያዩ። ከፍርደኞቹ አንዱ ታዲያ ይህ ውይይት በአንድ ቀን ከሚያበቃ ለምን ሙሉ ሴሚስተር የሚዘልቅ ኮርስ አይሆንም ሲል ሐሳብ አቀረበ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ ኢንሳይድ አውት የተባለው ፕሮግራም ሥራ ጀመረ። የትምህርት ክፍሉ ስሙ በሌሎች አገሮች ጭምር የተጠራበት ሥራ የበቀለው ከአንድ እስረኛ ሐሳብ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ጉብኝትና ትምህርት አንድ አይደሉም። ጎብኚ በኮሪደር እያለፈ በየክፍሉ ያሉትን ሰዎች ያያል፤ እነሱ ይታያሉ እንጂ አይጠይቁትም። ጉብኝት ሰውን መማሪያ ዕቃ የማድረግ አደጋ አለው። በኢንሳይድ አውት ክፍል ግን ከዩኒቨርሲቲ የመጡትና በእስር ላይ ያሉት በቁጥር ተቀራርበው፣ አንዱ ከውጭ አንዱ ከውስጥ እየሆነ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የሚያነቡት አንድ፣ የሚጽፉት አንድ ነው። ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል? እስር ቤት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? የተበደለውስ ምን ይገባዋል? በመጨረሻ አብረው አንድ የጋራ ፕሮጀክት ሠርተው ያቀርባሉ። ታሳሪው ስለ ሠራው ወንጀል አይጠየቅም፤ ማንም ማንን አያጠናም።

ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የታሰረን መጠየቅ በመጨረሻው ፍርድ ቀን ከሚቆጠሩት በጎ ሥራዎች መካከል ያኖረዋል። በኢትዮጵያ ይህ ቃል ስንቅ ቋጥሮ በማረሚያ ቤት በር በሚሰለፈው ዘመድ ላይ በየቀኑ ይታያል። ሆኖም በጠያቂና በተጠያቂ መካከል ሁልጊዜ ሰጪና ተቀባይ አለ። በፊላደልፊያው ክፍል ሁለቱም ተማሪ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ወጣት በጎ ለማድረግ ሳይሆን ለመማር ነው የመጣው፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ከእሱ በተሻለ ተከራክሮ ሊረታው ይችላል። ይህ እኩልነት ከምጽዋት ይልቅ ይከብዳል፤ ሰጪነትን የለመደ ሰው ክብሩን ሳይነካ አይቀበለውም።

የሚያስቸግር ነገርም አለ። በክፍሉ የሚጠሩት በመጀመሪያ ስም ብቻ ነው፤ ኮርሱ ሲያልቅ በውስጥና በውጭ ተማሪዎች መካከል መጻጻፍ፣ መደዋወል፣ መገናኘት የለም። ለወራት ልብ ለልብ ያወሩ ሰዎች በአንድ ቀን ይለያያሉ። ባልንጀራን መውደድ የጊዜ ገደብ ተሰጥቶት ይቻላል? ደንቡ ፕሮግራሙንም ተሳታፊዎቹንም ከአደጋ ይጠብቃል፤ ያለ እሱ የማረሚያ ቤቱ በር ባልተከፈተም ነበር። ያም ሆኖ የሚያሳምም ደንብ ነው፤ ሕመሙን በአስተዳደር ምክንያት መሸፋፈን አይገባም።

ከዚህ የሚከብደው የተበደለው ሰው ጥያቄ ነው። ልጇ የተገደለባት እናት፣ ገዳዩ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሲማር ብትሰማ፣ ማን በምን አፉ «ተረጂ» ይላታል? አሜሪካ ለታሳሪ ተማሪዎች የሚሰጠውን ፔል የተባለ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ በ1994 በሕግ ስትከለክል ይህ ቁጣ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ2023 ነው። ብዙ ደጋፊዎች መልሳቸውን ከጥቅም ያመጣሉ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2013 ባወጣው ትንተና፣ በእስር ቤት የተማሩ ሰዎች ዳግም ወደ ጥፋት የመመለስ ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ እንደሆነ አስልቷል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ለእናቲቱ ግን መልስ አይሆንም። ለእሷ የሚቀርበው፣ የበዳዩ ዝምታ ልጇን እንዳልመለሰላት፣ ያደረገውን በሙሉ ክብደቱ ሊረዳ የሚችለውም የሚያስብና የሚናገር ሰው ብቻ እንደሆነ ነው። ይህንንም ላለመቀበል ሙሉ መብት አላት።

የወንጀል ፍትሕ ትምህርት ክፍሎች የተማሪዎቻቸውን ስኬት ሲዘረዝሩ የክብር ተመራቂዎችን፣ በዐቃቤ ሕግ ቢሮና በአመክሮ ጽሕፈት ቤት የተገኙ የሥራ ልምምዶችን፣ ሕግ ትምህርት ቤት የገቡትን ይጠቅሳሉ። መጥቀሳቸው ተገቢ ነው። ነገ ግን ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ፖሊስ ይሆናል፣ አንዷ ለዳኛ የቅጣት ሐሳብ ታቀርባለች። በሌላው ሰው ዕድሜ ላይ ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት እኩያው ሆነው አጠገቡ መቀመጣቸው በትምህርት ማስረጃ ላይ አይጻፍም፤ የትምህርት ክፍሉ ሊሰጣቸው ከሚችለው ዕድል ሁሉ ግን ይህ ይበልጣል።

ትምህርት ዳግም ጥፋትን ይቀንሳል የሚለው የጥቅም ክርክር ፈጽሞ የማይደርስባቸው ሰዎችም አሉ። በፔንሲልቬንያ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ በጥቅሉ በአመክሮ አይፈታም፤ ትምህርቱ ከእስር ለማውጣት አይጠቅመውም፣ በዳግም ወንጀል ስሌት ውስጥም አይገባም። ሆኖም ኮርሱ በ2002 ግሬተርፎርድ ወደሚባለው ማረሚያ ቤት ሲገባ፣ ሴሚስተሩ ካበቃ በኋላ ተሳታፊዎቹ መበተን አልፈለጉም። ብዙ የዕድሜ ልክ ፍርደኞች ያሉበት የአሳቢዎች ቡድን አቋቋሙ። በ2004 ፕሮግራሙ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ሥልጠና መስጠት ሲጀምር ከአሠልጣኞቹ መካከል እነሱ ነበሩ። ግሬተርፎርድ በ2018 ተዘግቶ እስረኞቹ ፊኒክስ ወደተባለው አዲስ ማረሚያ ቤት ከመዛወራቸው በፊት፣ ፕሮፌሰሮች ማስተማርን ሊማሩ ደብተራቸውን ይዘው በዚያ በር ሲገቡ ዓመታት ተቆጥረዋል።