ከቆላ የመጣው በሬ

እናኑ ጋይንት ውስጥ የተዳረችው በአሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏን ታከለን በዕድሜ ስለሚበልጣት አንቱ ትለዋለች። እሱ በየክረምቱ ወደ መተማ ይወርዳል፤ ሰሊጥ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ኅዳር ላይ ይመለሳል። እዚያ ገንዳ ውሃ ከተማ አረቄ ቤቱም መኝታውም ለቀን ሠራተኛ ክፍት ነው። ሲመለስ እናኑ እግሩን ታጥባለች፣ መኝታ ታነጥፋለች። የት አደሩ ተብሎ ባል አይጠየቅም።

በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ታከለ ገንዘብ ቀንቶት አንድ ቀይ በሬ እየነዳ መጣ። ወደ በረቱ ግን አላስገባውም፤ ባሕር ዛፉ ሥር አሰረው።

«ለምን አይገባም?» አለች።

«ከቆላ የመጣ ከብት ደሙ ሳይታይ ከመንጋ አይቀላቀልም። ገንዲ ይዞት ቢሆንስ? መልኩ ስላማረ ይታመናል?»

እናኑ እግሩን አጠበች፣ እራት አቀረበች። ከዚያ አጎዛውን አንሥታ ደጅ ያለው መደብ ላይ አነጠፈች።

«ይኸ ለማን ነው?»

«ለአንቱ ነዋ። ከበሬው ጋር መስሎኝ የመጡት!»

በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። አማቷ ቀደሙ፦ «ልጄን ከበሬ እኩል አደረገችው! ሴት መኝታ የምትከለክለው የት አገር ነው?» አንዱ ሽማግሌ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ አሉ። እናኑ ሣጥኑን ከፍታ የመሬት ደብተሩን አወጣችና መሐላቸው አስቀመጠችው። የእሷ ፎቶ ከታከለ ፎቶ ጎን ተለጥፏል። ድፍረቱን ከየት አመጣችው ለሚል፣ ጎረቤቷ ከጥቂት ዓመት በፊት ባሏን መኝታ ከልክላ በለበሰችው ልብስ ተባርራለች፤ ያኔ ደብተሩ ገና አልመጣም ነበር።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ታከለ ዞሩ።

«በሬህ መቼ ነው በረት የሚገባው?»

«የከብት ሐኪሙ ደሙን ሲያይልኝ።»

«ታሟል እንዴ?»

«ኧረ ጤነኛ ነው! ግን በምን ይታወቃል?»

ዝም ተባለ። ታከለ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አየና አንገቱን ደፋ።

ሐሙስ ዕለት ሦስቱም ወደ ወረዳው ከተማ ሄዱ። ከበሬው ጆሮ፣ ከባልና ሚስቱ ጣት ደም ተወሰደ። በሬው ነፃ ሆነ። እናኑም ነፃ ሆነች፤ ብቻ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ተመርመሪ አሏት። የኤች አይ ቪ ቫይረስ የተገኘው በታከለ ደም ውስጥ ነው። ነርሷ መድኃኒቱ ከ1997 ጀምሮ በነፃ እንደሚሰጥ፣ ኮንዶም እንዴት እንደሚጠቀሙ፣ ሌላም ሌላም ነገረቻቸው፤ እሱ ከግማሹ በላይ አልሰማም።

በመንገድ ላይ በሬውን የምትነዳው እናኑ ነበረች።

«ጥለሽኝ ትሄጃለሽ?» አላት።

«መሬቱ የሁለታችን አይደል፣ የት እሄዳለሁ? አንቱ መድኃኒቱን ይዋጡ። መኝታው ግን ነርሷ እንዳለችው ነው።»

የሽማግሌዎቹ ታላቅ ወሬውን ቅዳሜ ገበያ ላይ ሰሙ። እህላቸውን እንኳ ሳይሸጡ ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ፈልገው፣ እዚያ ሰሊጥ ለሚያጭደው ልጃቸው ላኩበት፦ «ስትመጣ በጤና ጣቢያው በኩል ዞረህ ና። ወረቀቱንም ለእኔ ሳይሆን ለሚስትህ አሳያት።»