«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ»፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሐዋሳ ሲነበብ

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከገበሬ ማሳ የተገኘ ነው። ሠርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ ከየአንጓው ሥር የሚሰድ፣ ሥሩም አጥብቆ ስለሚይዝ ማረሻን የሚፈታተን የሣር ዓይነት ሲሆን፣ ምሳሌው በአጭሩ የሚያስተላልፈው ፍሬ ነገር እንዲህ ያለውን መሬት ለማረስ ከሩቅ ከመጣ በሬ ይልቅ አፈሩንና ዳገቱን የለመደው የዚያው አገር በሬ ይሻላል የሚል ነው። ከእርሻ ሥራ ወጥቶ ሲነገርም የአንድን ማኅበረሰብ ውስብስብ ጉዳይ የሚፈታው የማኅበረሰቡን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው ለማለት ይጠቀሳል። አባባሉ ወደ ሥነ ጽሑፍ ሲሻገር ግን ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ በአንድ አካባቢ ሕይወት ላይ የቆመን ልቦለድ በሚገባ ሊረዳው የሚችለው የዚያ አካባቢ ተወላጅ ብቻ ነውን?

ለዚህ ፈተና የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተስማሚ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ሥራ በፍቅር ታሪክነቱ ይታወቅ እንጂ የዕድገት ልቦለድም ነው፤ ይኸውም አንድን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ተከትሎ ከራሱም ከማኅበረሰቡም ጋር የሚገጥመውን ትግል የሚያሳይ የልቦለድ ዓይነት ነው። ዋና ገጸ ባሕርዩ በዛብህ በልጅነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ በአብነት ትምህርት ያደገ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ በፍቅሯ የተያዘ ወጣት ነው። በአውሮፓ የዚህ ዘርፍ አርአያ ተደርጎ የሚጠቀሰው የጎተ «ዊልሄልም ማይስተር» (እ.ኤ.አ. 1795–96) ወጣቱን በመጨረሻ ከማኅበረሰቡ ጋር ሲያስታርቀው፣ የሐዲስ ልቦለድ ግን ፍቅረኞቹን የሚያገናኛቸው በመቃብር ነው። አንባቢዎችን የሚያከራክረውም ከዚህ የሚመነጨው ጥያቄ ነው፤ በዛብህን ለወግ ለማዕረግ እንዳይበቃ ያደረገው የወላጆቹ ስለት ነውን፣ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ነውን፣ ወይስ የራሱ የድፍረት ማነስ?

ምሳሌው እውነት የሚሆንበት ወገን በመጀመሪያ ሊመሰከርለት ይገባል። ስለት ማለት ሰው ለፈጣሪው የገባው፣ ቢያጥፈው ይቀሥፈኛል ብሎ የሚፈራው ቃል መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ አንባቢ የበዛብህን ማመንታት በቀላሉ ፈሪነት አይለውም። እንደዚሁም የልቦለዱ ታሪክ በሚካሄድበት በጎጃም ገበሬው በአባት በእናቱ ትውልድ ቆጥሮ በሚያገኘው ርስት ላይ ያርስ እንደነበር፣ የባላባቱ መብት ደግሞ ጉልት ማለትም ከባለርስቶች ግብር የመቀበል ሥልጣን እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ በልቦለዱ ውስጥ ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚያነሡትን አመፅ ክብራቸውን የተነኩ ባለርስቶች ቁጣ አድርጎ ይረዳዋል።

ሐዋሳ ላይ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች በመሆኗ ልቦለዱን የምትበልጠው በጥቂት ዓመታት ብቻ ነው፤ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ጉራጌውና ሌላውም በአንድ ሰፈር የሚኖርባት፣ አማርኛም ለብዙ ነዋሪዎቿ ሁለተኛ ቋንቋ የሆነባት ከተማ ናት። ከተማዋ በምትገኝበት በሲዳማ ምድር የመሬት ታሪክ ከጎጃም የተለየ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ገበሬው በገባርነት፣ ኋላም ብዙው በጭሰኝነት፣ ማለትም በሌላ ሰው ስም በተመዘገበ መሬት ላይ የምርቱን ድርሻ እየከፈለ ኖሯል፤ ይህ ሥርዓት በሕግ የተሻረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። የቤተሰቡን ትዝታ ከዚህ ታሪክ የወረሰ አንባቢ «ፊታውራሪ» የሚለውን ማዕረግ ሲያነብ በልጁ ጋብቻ ኩራቱ የተጎዳውን አባት ከማየቱ በፊት መሬት ነጣቂውን ቢያይ ሊያስደንቅ አይገባም። ለእርሱ የበዛብህ መከራ ዋና ምክንያት ስለቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ይሆናል።

ሦስተኛው ንባብ ከሰብለ ወንጌል ይነሣል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር ቀበሌዎች የመጡ በሺሕ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን የቀጠረ በመሆኑ፣ ከወላጆች ቤት ወጥቶ በራስ ደመወዝ መኖር በከተማዋ የዘወትር ኑሮ ሆኗል። ከዚህ ኑሮ ተነሥታ ልቦለዱን የምታነብ ወጣት፣ ሰብለ ወንጌል የምናኔ ልብስ ለብሳ ፍቅረኛዋን ፍለጋ መውጣቷን የታሪኩ እውነተኛ የዕድገት መንገድ አድርጋ፣ በዛብህን ደግሞ ከእርሷ ያነሰ ቆራጥ አድርጋ ልታየው ትችላለች። ከጎጃም ባትወለድም የምታርሰው ሠርዶ የራሷ አገር ሠርዶ ነው፤ የወላጅ ፈቃድና የልጅ ምኞት የሚጋጩት በሁሉም አገር ነውና።

ምሳሌው ይበልጥ የሚፈተነው ግን በልቦለዱ በራሱ ውስጥ ነው። ጉዱ ካሣ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ፣ የአካባቢው ተወላጅ፣ የሥርዓቱን ጉድለት ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ ሰሚ በማጣቱ እንደ እብድ ተቆጥሯል። የአገሩ በሬ አፈሩን ማወቁ ብቻውን አላረሰለትም ማለት ነው። ልማድ ያደነደነው ዓይን በየቀኑ የሚያየውን በደል እንደ ተፈጥሮ ሕግ ስለሚቆጥረው፣ አንዳንድ ጊዜ ነገሩን እንግዳ ሆኖ የሚያየው ሰው ያስፈልጋል። በአንጻሩ እንግዳው አንባቢ የጎጃሙን ባለርስት ጭሰኛ አድርጎ ቢተረጉመው ስሕተቱን የሚያርመው የአገሩ ተወላጅ ነው። ልዩነቱ ጠቃሚ የሚሆነው ሁለቱ ሲደማመጡ እንጂ እያንዳንዱ በየማሳው ሲቀር አይደለም።

ለዚህ መደማመጥ የሚሆን ሥርዓት በሁለቱም ወገን አለ። በዛብህ ያደገበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለአንድ ኃይለ ቃል ብዙ ትርጓሜ «አንድም» እያለ በመደርደር አንዱ ትርጉም ሌላውን ሳይሽር እንዲቆም የሚፈቅድ የአንድምታ ስልት አለው። የሲዳማ ሽማግሌዎች ደግሞ «አፊኒ» የሚሉት ደንብ አላቸው፤ ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ሲሆን፣ ማንም ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ጉዳዩ ለሁሉም መድረሱንና መሰማቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። እነዚህ ሁለት ስልቶች ሲገናኙ አንድ ገደብም አብረው ያስቀምጣሉ፤ ትርጓሜ ሊበዛ የሚችለው መጽሐፉ የሚለውን በቅድሚያ የሰማ አንባቢ ሲኖር ነው፤ ገጹን ሳያነቡ የሚሰጥ ፍርድ ከትርጓሜ አይቆጠርም።

እንግዲህ ምሳሌው አይሻርም፤ «አገር» የሚለው ወሰኑ ግን ይሰፋል። መጽሐፍ ከታተመ፣ በተለይም እንደዚህ ልቦለድ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ማንበብ ለማይችለው ጆሮ ጭምር ከደረሰ በኋላ፣ አገሩ የተጻፈበት ወረዳ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ስለዚህ የሐዋሳ መምህር ተማሪዎቹን ስለዚህ ልቦለድ ሲያወያይ ከአንዱ ትክክለኛ መልስ ይልቅ እያንዳንዱ ከየትኛው ታሪክ ተነሥቶ እንደ ፈረደ ቢጠይቅና የጎጃሙን ወግ አስቀድሞ ቢያስረዳ፣ ልቦለዱንም ተማሪዎቹንም በሚገባ አክብሯል።