በቸነፈር ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቤተ ክርስቲያን የሚለው ቃል አባቶቻችን ሊቃውንት እንዳስተማሩን በሦስት ወገን ይተረጐማል። በመጀመሪያ ጸሎት የሚጸለይበት፣ ቅዱስ ሥጋው የሚፈተትበት፣ ክቡር ደሙ የሚቀዳበት ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። በሁለተኛው በክርስቶስ ስም የተሰበሰበው የምእመናን አንድነት ቤተ ክርስቲያን ይባላል። በሦስተኛውም ከውሃና ከመንፈስ ተወልዶ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ የሆነው እያንዳንዱ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይባላል። በደኅና ቀን እነዚህ ሦስቱ አይጣሉም፤ ሕንፃው በሞላ መጠን አንድነቱ ይጸናል፤ አንድነቱም በጸና መጠን እያንዳንዱ ሰው ይጠቀማል። ቸነፈር በመጣ ጊዜ ግን የማይጣሉት የተጣሉ ይመስላሉ። ሕንፃው በሰው ሲጨናነቅ ሰው የሆነው ቤተ ክርስቲያን በበሽታ ይፈርሳል፤ ሰው የሆነውን ቤተ ክርስቲያን ለመጠበቅ ሲባል ደግሞ ሕንፃው ባዶ ይቀራል። እንግዲህ የእግዚአብሔርን ቤት ደጅ የሚጠብቅ ካህን በዚህ ጊዜ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ግቡ ቢል ሞትን እንዳይጠራ፣ አትግቡ ቢል ሕይወትን እንዳይከለክል ይፈራል። በዚህ ጽሑፋችን ይህን ነገር በመጠኑ ልንመረምር አሰብን።

ነገሩ ከሩቅ የተሰማ ወሬ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን የዓለም የጤና ድርጅት ኮሮና የተባለው በሽታ የዓለም ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ፤ መጋቢት 4 ቀንም በሀገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ሕዝቡ ለኪዳንና ለቅዳሴ ከሌላው ጊዜ ይልቅ በሚበዛበት ወራት መሰብሰብ አስጊ ሆነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ሰሙነ ሕማማትንና ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል ብዙው ምእመን በየቤቱ ሆኖ አሳለፈ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዕለተ ስቅለት ከቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ተለይቶ የማያውቅ ሽማግሌ በዚያ ዓመት በጓዳው ሰገደ፤ እንባውንም ያየለት እግዚአብሔር ብቻ ነው። በዚያው ወራት አንዳንዱ «በሩ የተዘጋው እምነት ስለ ጐደለ ነው» ሲል ተሰማ፤ ሌላውም «ካህናቱ ለሰው ነፍስ አይራሩም» ሲል ሰደበ። ሁለቱም ነቀፋዎች ያቈሰሉት ልብ እስከ ዛሬ አልዳነምና ነገሩን ዛሬ ማንሣታችን ከንቱ አይደለም።

ሀገራችን እንዲህ ያለውን መከራ ከዚያም በፊት ታውቀዋለች። በ1911 ዓ.ም. በወርኀ ኅዳር ዓለምን የዞረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መትቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው ዳኑ። ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ኅዳር 12 ቀን በቅዱስ ሚካኤል በዓል የየሰፈሩ ቈሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድ የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ኖሯል። ይህን ልማድ ልብ ብለን ብናየው ትምህርት አለበት፤ አያቶቻችን በአንድ ቀን ቅዳሴውን አስቀድሰው ደጃፋቸውን ጠርገዋል። ጸሎቱ መጥረጊያውን አላስጣላቸውም፤ መጥረጊያውም ጸሎቱን አላስረሳቸውም።

ምናልባት «እምነት ያለው ሰው በእግዚአብሔር ቤት ምን ይፈራል? በመቅደሱ ውስጥ በሽታ አይነካንም» የሚል ሰው ቢኖር፣ የቅናቱን መልካምነት ሳንነቅፍ እንዲህ እንመልስለታለን። ጌታችን በተፈተነ ጊዜ ፈታኙ ከወሰደባቸው ስፍራዎች አንዱ የቤተ መቅደሱ ጫፍ ነበር። ራስህን ወደ ታች ወርውር፤ መላእክት ይጠብቁሃል አለው፤ ለቃሉም ከመዝሙረ ዳዊት ምስክር አመጣ። ጌታችን ግን ተስፋው እውነት መሆኑን ሳይክድ፣ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ተናግሮ አሳፈረው። ከዚህ የምንማረው፣ በተቀደሰ ስፍራ ቆሞ ቅዱስ ቃል እየጠቀሱም እግዚአብሔርን መፈታተን እንደሚቻል ነው። ደግሞም በመጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ታዘናል። ስለዚህ የሐኪምን ምክር የሰማ ምእመን ከእግዚአብሔር ሸሽቶ ወደ ሰው የተጠጋ አይደለም፤ የሰጪውን ስጦታ የተቀበለ ነው።

ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ከዚህ ይልቃል። «እኔ ብሞት ምን አለ? ሞቴን ስለ ክርስቶስ እቈጥረዋለሁ» የሚል ጽኑ ሰው አለና። ለዚህ ሰው መልስ የምናገኘው ከንጉሡ ከዳዊት ታሪክ ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል መጨረሻ እንደ ተጻፈ በእስራኤል ላይ ቸነፈር ወርዶ 70 ሺህ ሰው በሞተ ጊዜ ዳዊት የሚቀሥፈውን መልአክ አየ። ያን ጊዜ ቅጣቱ በራሱና በአባቱ ቤት ላይ እንዲሆን፣ በጎቹ ግን እንዲተርፉ ለመነ። ከዚያም በኢያቡሳዊው በኦርና አውድማ መሠዊያ ሊሠራ ወጣ። ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን ያለ ዋጋ ሊሰጠው ሲፈቅድ ዳዊት አልተቀበለም፤ ዋጋ ያልከፈለበትን ነገር ለአምላኩ መሥዋዕት አድርጎ ማቅረብን ተጸየፈ። የራሱን ብር መዝኖ ገዛና ሠዋ፤ ቸነፈሩም ተከለከለ።

በዚህ ታሪክ የመሥዋዕት ሕግ ተገልጧል። ሰው ለእግዚአብሔር ሊያቀርብ የሚችለው የራሱን ነው፤ የባልንጀራውን በሬ ነድቶ መሠዊያ ላይ የሚያቀርብ መሥዋዕት አቅራቢ ሳይሆን ወንበዴ ይባላል። ሰማዕታት አንገታቸውን ለሰይፍ ሰጡ፤ የጐረቤታቸውን አንገት ግን አልሰጡም። ይህ በሽታ ደግሞ ከእስትንፋስ ወደ እስትንፋስ የሚሻገር፣ የሕመም ምልክት ባልታየበት ሰው እንኳ አድሮ ወደ ሌላው የሚያልፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጐልማሳው «አልፈራም» ብሎ በሕዝብ መካከል ሲጋፋ፣ በአጠገቡ የቆመችው አሮጊት፣ ከኋላው ያለው የሳንባ ሕመምተኛ፣ ሰዓታት ሲቆም ያደረው አረጋዊ ካህን ሳይጠየቁ የድፍረቱን ዋጋ ይከፍሉለታል። የራሱን ሞት መናቅ መንፈሳዊነት ሊሆን ይችላል፤ የሌላውን ሞት መናቅ ግን በምንም ትርጓሜ ምግባር አይሆንም። ቅዱስ ጳውሎስ ለደካማው ወንድሙ መሰናክል እንዳይሆን ሥጋ መብላትን እንኳ ለዘላለም ሊተው እንደ ፈቀደ እናውቃለን። የተፈቀደለትን መብል ስለ ወንድም መተው ፍቅር ከሆነ፣ ጥቂት ሰንበታትን ከቅጥር ውጭ ቆሞ ማስቀደስ እንዴት ክሕደት ይሆናል?

ይህን ስንል ግን ፍርሃትን ጥበብ ብለን ማወደሳችን አይደለም። በ3ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ቅዱስ ዲዮናስዮስ በከተማው ስለ ወረደው ቸነፈር የጻፈውን የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። አሕዛብ ሕመምተኞቻቸውን ወደ መንገድ ሲጥሉ፣ ቀሳውስትና ዲያቆናት ከምእመናንም ብዙዎች የታመሙትን እያጠቡ፣ የሞቱትን እየገነዙ፣ ሕመሙን ከእነርሱ ተቀብለው ዐረፉ። እነዚህ ወደ ሞት የቀረቡት ሊሰጡ ነው፤ የከፈሉትም ከራሳቸው ነው። እንግዲህ ድፍረት ስፍራ አለው፤ ስፍራውም የብቸኛው ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ እንጂ ለጤነኞች መጋፊያ አይደለም። በሕዝብ መካከል ሲጋፋ ደፋር የነበረ ሰው የታመመ ጐረቤቱን ደጅ ለማንኳኳት የፈራ እንደ ሆነ፣ እምነቱን ራሱ ይመርምር።

ከዚህ በኋላ ወደ ካህኑ ሥራ እንመለስ። በኦሪት ዘሌዋውያን የለምጽ ደዌ የታየበት ሰው በካህኑ ይመረመራል፤ 7 ቀን ተለይቶ ይቀመጣል፤ ነገሩም ካልተለየ ደግሞ 7 ቀን ይጨመርለታል። ደዌው የጸናበትም ከንፈሩን ሸፍኖ ከሰፈር ውጭ ይኖራል። ብዙ ሰው ይህን ሕግ ሲያነብ መለየቱን ብቻ ያያል። ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ ያነበበ ግን ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወጥቶ ወደ ተለየው ሰው እንዲሄድ የታዘዘ መሆኑን ያገኛል። ሕመምተኛው ወደ ካህኑ መግባት ባይችል ካህኑ ወደ እርሱ ይወጣል፤ ሲድንም በክብር የሚመለስበት ሥርዓት ተዘጋጅቶለታል። የታመመውን ሰው ርኩስ ነው ማለታችን አይደለም፤ ያ የኦሪት ጥላ በአማናዊው ሊቀ ካህናት አልፏልና። የምንለው፣ «አትግባ» የሚል ካህን «እኔ እወጣለሁ» የሚለውን ካልጨመረ ግማሹን ሕግ ብቻ መፈጸሙን ነው። በሩን ስለ ፍቅር የዘጋ እንደ ሆነ፣ በዚያው በር ስለ ፍቅር መውጣት አለበት። በ2012 ዓ.ም. የቀረብን ነቀፋ መመዘን ያለበት በዚህ ነው። ስንት ሰው ወጥቶ ቀረ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ካህን ወደ ቀሩት ወጣ ተብሎ ይጠየቅ።

ለዚህም ሥራ አባቶቻችን ያቆዩልን መንገድ አለ። ከቅጥር ውጭ ሆኖ ማምለክ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሕንፃ በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ የተከፈለ ነው፤ በዙሪያውም ሰፊ ዐፀድ አለው። በሰንበትና በክብረ በዓል ብዙው ሰው በዛፍ ጥላ ሥርና በግንቡ ጥግ ቆሞ ያስቀድሳል። የወለደች እናት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን እስኪፈጸም ከደጅ ትቆያለች፤ እምነት ጐደላት የሚላት የለም። ራሱን ያልተዘጋጀ ሆኖ ያገኘው ምእመንም ደጁን ተሳልሞ በውጭ ይጸልያል፤ እግዚአብሔርም የቀራጩን ጸሎት ከሩቅ እንደ ሰማ የእርሱን ይሰማል። ስለዚህ ቸነፈር ሲመጣ ሰፊው ዐፀድ የስደት ስፍራ ሊመስለን አይገባም፤ ጥንቱንም የቤተ ክርስቲያን አካል ነው።

የአቀባበሉን ሥርዓት በአጭር እናስቀምጥ። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን ሲቀበል ከእንጀራው በፊት ያሰበው እግራቸውን የሚታጠቡበትን ውሃ ነው፤ በደጀ ሰላም የሚቀርበው ውሃና ሳሙና እንዲሁ የእንግዳ ክብር መሆኑ ይታወቅ። በሮችና መስኮቶች ተከፍተው ነፋስ ይዝለቅባቸው፤ እስትንፋስ የታፈነበት ክፍል ለዚህ በሽታ ይመቸዋልና። አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይሁን። ማኅሌቱ ድምፅ ከፍ የሚደረግበት ስለ ሆነ ተራርቀው ይቁሙ። ካህኑ መስቀሉን ከፍ አድርጎ ከሩቅ ቢባርክ በረከቱ አይጐድልም። ምእመናንም በአንድ ሰንበት ብቻ ከሚጋፉ በሌሎቹም የቅዳሴ ቀኖች ተከፋፍለው ይምጡ። ቅዱስ ቍርባንን በሚመለከት፣ ሥጋውና ደሙ የሕይወት ምንጭ መሆኑን ሳንጠራጠር እናምናለን፤ ተራ መጠበቅን፣ አለመጋፋትን፣ ከተቀበሉም በኋላ አፍን መሸፈንን ግን ሥርዓታችን ከጥንት ጀምሮ አስተምሮናል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደው በደጅ የቆመው አስተናጋጅ አንደበት ነው። ከሩቅ ሰፈር በምርኵዝ የመጣችን አሮጊት «ተመለሺ፣ ሞልቷል» ብሎ የሚያባርር ወጣት፣ በሽታውን ቢከላከልም ነፍስ አቍስሏል። ያው ሰው «እማማ፣ ከዚህ ጥላ ሥር ይረፉ፤ ቅዳሴው ከዚህ ይሰማል፤ አባም ሲፈጸም ወደ እርስዎ ይመጣሉ» ቢላት፣ የቆመችበት ስፍራ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ መባረር፣ ሁለተኛው መቀበል ይሆናል። ደግሞ ከነጭራሹ መምጣት ያልቻሉ አሉ። የንስሐ አባት የተሰጠን ለዚህ ነው። የንስሐ ልጆቹን ስም በመዝገብ ይዞ፣ የሚችለውን ከደጃፉ ቆሞ፣ ያልቻለውን በስልክ ይጠይቅ፤ የሚበላ ላጣውም ሰበካ ጉባኤው እንዲደርስለት ያሳስብ።

ቅዳሴን በሬዲዮና በቴሌቪዥን መስማትስ? ለታመመና ለታሰረ ስንቅ ነውና እናመሰግናለን፤ ስንቅ ግን ለመንገድ እንጂ ለቤት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዚያ በሽታ ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን ከተናገረ በኋላ እንኳ በቤቱ የለመደ ብዙ ሰው አለ። ስለ ወንድሙ የቀረ ሰው ስለ ወንድሙ ሊመለስ ይገባዋል፤ ፍቅር ያስቀረውን ስንፍና ሊያስቀረው አይገባም። ያልተመለሰውንም እረኛው 99ኙን ትቶ ይፈልገው እንጂ አይውቀሰው፤ ምናልባት በዚያ ወራት ደጁን ያንኳኳለት አልነበረም ይሆናልና።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን! ቸነፈር ስሙን ለውጦ ደግሞ ሊመጣ ይችላል። በመጣ ጊዜ «እንክፈት ወይስ እንዝጋ» በሚል ክርክር እርስ በርሳችን እንዳንጠፋፋ አስቀድመን ልባችንን እናዘጋጅ። መሥዋዕታችን ከራሳችን ይሁን፤ ደጃችን ጥንቃቄ ያለበት፣ አንደበታችን ርኅራኄ ያለበት ይሁን፤ መግባት ወዳልቻለው ወገናችን እግራችን ይውጣ። በዳዊት ጸሎት ቸነፈሩን የከለከለ አምላክ ሀገራችንንና ዓለምን ሁሉ በምሕረቱ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።